አያ ጅቦ እና ያልመጣው መልስ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር ዝናቡ በወቅቱ ሳይመጣ ቀረ። ሣሩ ደረቀ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ ጅረቱም ጠጠር ብቻ ሆነ። የአገሩ አራዊት ሁሉ የቀረችውን አንዲት ኩሬ ከበው ይውሉ ጀመር። ኩሬዋም ከቀን ወደ ቀን እየጎደለች ሄዳ፣ አንበሳ አጎንብሶ ሲጠጣ ጢሙ ጭቃ ይዞ ይወጣ ነበር።

አንበሳ ይህን ሲያይ አራዊቱን ሰበሰበ። «በቂ ውሃ ያለበት ቦታ እስክንደርስ ድረስ ማንም ማንንም አይብላ። የሚበላ ካለ ከእኔ ጋር ይነጋገራል» ብሎ አዘዘ። ስለዚህ አህያና ጅብ ጎን ለጎን ቆመው ይጠጡ ጀመር። እናት አህያ አዲስ የወለደችው ውርንጭላ ስለነበራት፣ ስትጠጣም ቢሆን አንድ ዓይኗን ከአያ ጅቦ ላይ አታነሳም ነበር። አያ ጅቦም አልተቀየማትም። «እኔም በእሷ ቦታ ብሆን ራሴን አላምነውም ነበር» ይል ነበር።

ችግሩ ወዴት እንደሚሄዱ አለማወቃቸው ነበር። ከገደሉ ሥር ምንጭ አለ ይባላል፤ ከሰፊው ሜዳ ማዶ ደግሞ ሐይቅ አለ ይባላል። በዚህ ድርቅ ውሃቸው ይኑር አይኑር ግን ያየ የለም። አንበሳ ወፎችን ልኮ ሊያስቃኝ ወሰነ። ወፎቹ የአንበሳን ትእዛዝ ከልባቸው ስላላመኑት ኩሬው ዳር አንወርድም አሉ። «አይተን እንመጣለን። ያየነውን ግን ኮረብታው ላይ ካለው ግራር ሆነን እንናገራለን፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ያድርሰው» አሉ።

ከኮረብታው እስከ ኩሬው ወሬ እንዲያመላልስ የተመረጠው አያ ጅቦ ነው። ለምን እንደተመረጠ እሱ ራሱ ለሚያገኘው ሁሉ ይናገር ነበር።

«ጌታችን አእምሮ ፈልገው ቢሆን ኖሮ እኔን አይጠሩም ነበር። የፈለጉት እግርና ጉሮሮ ነው። እነሱ ደግሞ ሞልተውኛል።»

ደመወዙንም አንበሳ ነገረው። «ወሬ ባመጣህ ቁጥር ከድሮው አደኔ ከተረፈው አጥንት አንድ ትወስዳለህ» አለው። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። አንበሳ ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ተናግሮ ነበር፤ እሱ ግን አጥንት ከሚለው ቃል ወዲህ ያለውን አልሰማም።

መጀመሪያ የተላከችው ቆቅ ናት፤ ወደ ገደሉ ሥር ምንጭ። አያ ጅቦ ከግራሩ ሥር ተቀምጦ ጠበቃት። የግራሩ ጥላ ረዘመ፣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ ቆቅ ግን የለችም። ቢቸግረው ወደ ኩሬው ወረደ።

«እሺ፣ ምን አለች?» አለ አንበሳ።

«አልመጣችም፣ ጌታዬ።»

«አልመጣችም ማለት ምን ማለት ነው? ውሃ አለ ነው ወይስ የለም ነው?»

«እሱን አላውቅም። አልመጣችም ብቻ ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ይዘህ መጣህ?»

አያ ጅቦ የፊት እግሮቹን ተመለከተ። ምንም አልያዙም። አራዊቱ ሳቁ፤ ዝንጀሮማ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። አጥንትም ሳይሰጠው ቀረ።

አንገቱን ደፍቶ ወደ ኮረብታው ሲመለስ ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቀችው። ቀበሮ የራሷ ሐሳብ ነበራት። አራዊቱ ሁሉ አገሩን ለቀው ቢሄዱ፣ የቀረው ውሃና ጭቃው ውስጥ ያሉት እንቁራሪቶች ለእሷ ብቻ ይሆናሉ። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ፊትህ ጠቆረሳ?» አለችው።

«ባዶዬን ሄጄ ተሳቀብኝ፣ እሜቴ። መሳቂያ መሆኑን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያለ አጥንት ሲሆን ነው የሚከፋው።»

«ባዶህን ለምን ትሄዳለህ? ከራስህ አንድ መልስ አዘጋጅተህ ያዝ። ወፏ ከመጣች የወፏን ትናገራለህ፤ ካልመጣች የያዝከውን ትናገራለህ።»

አያ ጅቦ ነገሩ እስኪገባው ቆመ። «የምይዘው ምን ይሁን?»

«ውሃ አለ በል። ሁሉም መስማት የሚፈልገው እሱን ነው።»

«ባይኖርስ?»

«ምንጭ አይደል እንዴ? ምንጭ ውስጥ ከውሃ ሌላ ምን ይኖራል?»

አያ ጅቦ በብርቱ አሰበ፤ ከውሃ ሌላ ምንም አልመጣለትም። «ይህ የራሴ ግምት ነው ብዬ ልንገራቸው ታዲያ?» ሲል ጠየቀ።

«የራስህ መሆኑን ከተናገርክ ማን ይሰማሃል?» አለችው ቀበሮ።

ይህኛው ወዲያው ገባው።

በማግስቱም ቆቅ ሳትመጣ ዋለች። አያ ጅቦ ወደ ኩሬው ወርዶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «ገደሉ ሥር ውሃ አለ» ብሎ ተናገረ። ድኩላዎቹ ቀድመው ሄዱ። ምንጩ እውነትም ውሃ ነበረው። ቆቅም ዳሩ ላይ ተኝታ፣ ጠጥታ ጠግባ፣ መላኳን ረስታው ተገኘች። አንበሳ አያ ጅቦን በሁሉ ፊት አመስግኖ አጥንቱን ሰጠው።

አያ ጅቦ አጥንቱን እየቆረጠመ ሳለ አንድ እንግዳ ነገር ተሰማው። ብልህ የሆነ መሰለው። ስሜቱ ከዚህ በፊት አጋጥሞት ስለማያውቅ መጀመሪያ ረሃብ መስሎት ነበር።

ምንጩ ግን ቀጭን ነው። ለጥቂት እንጂ ለአገሩ አራዊት ሁሉ የሚበቃ አልሆነም። የቀረው ተስፋ ከሜዳው ማዶ ያለው ሐይቅ ነው። ወደዚያ ርግብ ተላከች። ርግብ እንደ ቆቅ አይደለችም፤ የተላከችበትን የምታውቅ፣ ቃሏን የምትጠብቅ ወፍ ናት። ስለዚህ አያ ጅቦ ትመጣለች ብሎ በእርግጠኝነት ተቀመጠ። ዋለ፣ አደረ፣ እንደገና ዋለ። ሰማዩ ላይ አሞራ እንኳ አላለፈም።

ሌላ ቢሆን ኖሮ፣ «ይህች ታማኝ ወፍ ምን አግኝቷት ነው የቀረችው?» ብሎ ይጨነቅ ነበር። አያ ጅቦ የተጨነቀው ለአጥንቱ ነው። «ሐይቅ ነው። ሐይቅ ውስጥ ከውሃ ሌላ ምን ይኖራል?» እያለ ወረደ። እግረ መንገዱንም አንድ ሐሳብ መጣለት። ወሬው ባማረ ቁጥር አጥንቱም ይጨምር ይሆናል ብሎ ጠረጠረ።

«ሐይቁ ሙሉ ነው» አለ አንበሳ ፊት ቆሞ። «ዳር ዳሩም ለምለም ሣር ነው።»

አራዊቱ በደስታ ተንጫጩ። እናት አህያ ግን ጠጋ ብላ ጠየቀችው። «ርግብ እንዲህ አለች?»

«የመጣው ወሬ እንዲህ ነው፣ እትዬ።»

«ሜዳው ረጅም ነው። ልጄ ገና እግሩ አልጸናም። መጨረሻው ላይ ውሃ መኖሩ የታወቀ ከሆነ ግን እየገፋሁም ቢሆን አደርሰዋለሁ።»

አያ ጅቦ አጥንቱን ይቆረጥም ጀመር። አጥንቱ ሁለት ሆኖለት ነበርና አፉ ሞልቷል።

በማለዳ ሁሉም ተነሡ። ቀበሮ ብቻ «እግሬን አሞኛል፤ ቀስ ብዬ እደርስባችኋለሁ» ብላ ቀረች። ሜዳው ጥላ የሌለው፣ ድንጋዩ የሚያቃጥል ነበር። እናት አህያ ውርንጭላውን በአፍንጫዋ እየገፋች፣ «ትንሽ ነው የቀረው፤ ሙሉ ሐይቅ ነው ያለው» ትለው ነበር። አያ ጅቦ ከፊት ከፊታቸው ስለሚሄድ ይህን ሁሉ ሰማ። ወሬው ከራሱ አፍ የወጣ ቢሆንም፣ እሷ ስትደጋግመው እሱም ያምነው ጀመር።

ደረሱ። ሐይቁ በነበረበት ቦታ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ተኝቷል። ስንጥቁ የአህያ ኮቴ ያስገባል። መካከሉ ላይ የዓሣ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። የውርንጭላው ጉልበት ከዳውና ቆሞበት ከነበረው ቦታ ላይ እጥፍ ብሎ ወደቀ።

«ርግብን ፈልጉልኝ» አለ አንበሳ በደከመ ድምፅ። «እንዲህ ያለችበትን ምክንያት ልጠይቃት።»

ርግብ በአካባቢው አልነበረችም። አያ ጅቦ «እሷ ናት የዋሸችኝ» ቢል የሚያስተባብለው የለም። ይህ ሐሳብ መጣለት፤ የመጀመሪያ የራሱ ተንኮል ስለሆነም ለጊዜው ደስ አለው። ከዚያ ዓይኑ ውርንጭላው ላይ አረፈ። ሆዱ እንደ ልማዱ አንድ ነገር ሊለው ጀመረ። ነገር ግን እናትየዋ ልጇን እየላሰች «ሙሉ ሐይቅ ነው የተባልነው» ስትል ሰማና ሆዱም ዝም አለ።

«ርግብ ምንም አላለችም፣ ጌታዬ» አለ። «አልመጣችም።»

«ታዲያ ውሃ አለ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ውሃ አለ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁት፤ ራሴም አለ አለኝ። ጠያቂውም ጅብ፣ መላሹም ጅብ ስለሆነ የሚያርመን አልነበረም።»

ዝንጀሮ እንኳ አልሳቀም። አንበሳ ተነሥቶ መዳፉን አነሣ። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፈነና፣ «ቢበሉኝም ብዙ አይጠቀሙም፣ ጌታዬ። ሥጋዬም እንደ ወሬዬ ነው» አለ።

በዚህ ጊዜ ከርከሮ ተናገረ። ከርከሮ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሽማግሌ አውሬ ነበር። «ቢገድሉት ውሃ አይወጣውም» አለ። ወደ አያ ጅቦም ዞሮ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ወሬ አልመጣም ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ?» አለው።

«አላውቅም፣ ጋሼ ከርከሮ።»

«ከቦታዬ አልነቃነቅም ነበር። ሥር ቆፍሬ እየበላሁ እሰነብታለሁ፤ ሥር እርጥበት አለው። ዝንጀሮ ቢሆን ደግሞ ቤተሰቡን አስቀምጦ ለብቻው ቀድሞ ያይ ነበር።»

«እኔ ልጄን ይዤ ወደ ምንጩ እሄድ ነበር» አለች እናት አህያ ራሷን ሳታነሣ። «ለሁሉም ባይበቃ፣ ለአንድ ውርንጭላ ይበቃ ነበር።»

«አየህ፣ ሁላችንም የየራሳችን ማድረጊያ ነበረን» አለ ከርከሮ። «አንተ አልመጣም የሚለውን ደብቀህ፣ በሁላችን ፈንታ አንድ መልስ መረጥክ። የመረጥከውም ለአጥንትህ የሚስማማውን ነው።»

አያ ጅቦ በዕድሜው ብዙ ተሰድቧል፤ ስድብ እንዴት እንደሚቀበሉም ያውቃል። ይህ ግን ስድብ አልነበረም። ስለዚህ የት እንደሚያደርገው ቸገረው።

አንበሳም መዳፉን አወረደ። «ባዶህን ስትመጣ የሳቅንብህ እኛ ነን። አጥንት የከለከልኩህም እኔ ነኝ» አለ። «ርግብ ምናልባት በሕይወት አለች። ወደዚያ ጉብታ ውጣና ጀንበር እስክትጠልቅ ጠብቃት። ከመሄድህ በፊት ግን እንነጋገር። ከመጣች እሷ ያለችውን እንከተላለን። ባትመጣስ?»

«እኔ የሐይቁን መሐል እቆፍራለሁ» አለ ከርከሮ። «ከላይ ቢደርቅም ከታች እርጥበት ሊኖር ይችላል።»

«እኔ ከልጄ አጠገብ አልነሣም» አለች አህያ።

«እኔ ደግሞ እስከ ጠዋት ጠብቄ፣ መቆም የሚችሉትን ይዤ ወደ ምንጩ እመለሳለሁ» አለ አንበሳ። «ሂድ እንግዲህ።»

አያ ጅቦ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ ዋለ። ጀንበሯ ቀላች፣ ጠለቀች። ርግብ አልመጣችም። ወደ ታች ሲወርድ ደጋግሞ ዞሮ ሰማዩን አየ። ባዶ እጁን መሄድ ከበፊቱም ይልቅ አስፈራው፤ አሁን የሚጠብቁት የተጠሙ ናቸው።

«ወሬ የለም» አለ።

«ውሃ የለም ማለትህ ነው?» አለ አንበሳ።

«አይደለም፣ ጌታዬ። ውሃ አለ አላልኩም፤ የለምም አላልኩም። የሌለው ወሬ ነው። እንዳይምታታብኝ መንገዱን ሙሉ ሳጠናው ነው የመጣሁት።»

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። «ይህም ወሬ ነው» አለው። «አጥንት ይገባህ ነበር፤ ግን እዚህ የለኝም።»

«የዛሬውን ይተዉት። የበፊቶቹን ሳይገባኝ ወስጃለሁ» አለ አያ ጅቦ።

ከርከሮ መቆፈር ሲጀምር እናት አህያ አያ ጅቦን ጠራችው። ድምፅዋ ደርቋል። «ልጄ ይተርፋል?»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ። «አዎ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ቀላል ነው፤ እሷም መስማት የምትፈልገው እሱን ነው። አፉን መልሶ ገጠመ።

«አላውቅም፣ እትዬ» አላት። «ጉድጓድ መቆፈር ግን አውቃለሁ። በተፈጥሮዬ የተማርኩት ሥራ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።»

ሄዶ ከከርከሮ ጎን ቆፈረ። ከርከሮ በክራንቻው ሲፈነቅል እሱ በጥፍሩ አፈሩን ወደ ኋላ ይበትን ነበር። አፈሩ ከነጭ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ጥቁር ሄደ። ከዚያ ጥቁሩ አፈር ጥፍር ላይ መጣበቅ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ከጉድጓዱ ግርጌ የደፈረሰ ውሃ አቀረረ። ከአንድ ጉንጭ አይበልጥም። ሁሉም ወደ አንበሳ አዩ። አንበሳ ከንፈሩን ላሰና፣ «ውርንጭላውን አምጡት» አለ።

ውርንጭላው ጠጣ። አልተነሣም፤ ግን ጆሮውን አንቀሳቀሰ። ውሃው እስኪያቀርር እየጠበቁ፣ ደካማ ደካማውን እያስቀደሙ ጠጡ።

ጎህ ሲቀድ ርግብ መጣች። ላባዋ ተጎሳቁሏል፤ ጉብታው ላይ ስታርፍ ክንፏን መሰብሰብ እንኳ አቃታት። አያ ጅቦ እየሮጠ ወጣ።

«ሐይቁ ደርቆ አገኘሁት» አለችው። «ደርቋል ብዬ ከመመለሴ በፊት ከዚያ ወዲያ ያለውን ልይ ብዬ በረርኩ። ንፋሱ መለሰኝና ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ቀይ ተራራ ጀርባ ወንዝ አለ። እየፈሰሰ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠጥቻለሁም።»

«ጠጥቻለሁ ነው ያልሽው ወይስ እጠጣለሁ?» አለ አያ ጅቦ።

«ጠጥቻለሁ።»

አያ ጅቦ የነገረችውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ አደረሰ። ለምለም ሣር መኖሩን የጠየቁትም ነበሩ። «ስለ ሣር አልነገረችኝም። የእኔን ከፈለጋችሁ አለኝ፤ ግን አልመክራችሁም» አላቸው። ያን ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

ውርንጭላው ሌሊቱን በጠጣው ውሃ በርትቶ ተነሣና፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ደረሱ። ውርንጭላው ከእናቱ ጎን ቆሞ፣ በራሱ እግር ሄዶ ጠጣ። ከቀናት በኋላ ቀበሮም ምላሷን አውጥታ፣ እየተንገዳገደች መጣች። ኩሬዋ ደርቃ እንቁራሪቶቹም አልቀው ነበር።

«ኩሬዋ ለእኔ ብቻ ከሆነች እስከ ክረምት ታደርሰኛለች ብዬ ነበር» አለች።

«ማን ነገረሽ?» ሲል ጠየቃት አያ ጅቦ።

«ማንም።»

«አይዞሽ» አላት ውሃውን እያሳየ። «እኔንም የነገረኝ እሱ ነበር።»

አራዊቱ ጠግበው ጉልበታቸው ሲመለስ አንበሳ ሰበሰባቸውና፣ «ማንም ማንንም አይብላ ያልኩት ዛሬ ያበቃል፤ ከነገ ጀምሮ ሁሉም በየመንገዱ ነው» ብሎ አሰናበታቸው። ይህን ጊዜ እናት አህያ ልጇን አስከትላ ወደ አያ ጅቦ መጣች፤ ጥቂት ራቅ ብላም ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ጉድጓዱን ስለቆፈርክ አመሰግንሃለሁ» አለችው። «አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ነገ መንገድ ላይ ብንገናኝ ትበላናለህ?»

አያ ጅቦ ውርንጭላውን አየ፤ ወፍሯል። ሆዱን አዳመጠ። ከዚያም ራሱን እያከከ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ እትዬ፤ አላውቅም» አላት።

«እንግዲያው መልሱ እስኪመጣ አንጠብቅም» አለችና ልጇን ይዛ ሽምጥ ጋለበች።

አያ ጅቦ አቧራቸው ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ተመለከታቸውና፣ «ዋሽቼ አጥንት ስበላ ከርሜ፣ እውነት መናገር ስጀምር እራቴ ሮጦ ሄደ» እያለ ለብቻው ሳቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ መልስ ሳይመጣ ሲቀር አለመምጣቱን ሳንሸፍን ማድረስ፣ «ባይመጣስ ምን ይደረግ?» የሚለውንም አስቀድመን ጠይቀን ለነገሩ ባለቤት ውሳኔ መተው እንደሚገባን ነው።